በሽምግልና ዘመን ሚዛንን ስለ መጠበቅ

ጠጕሩ የነጣ ሰው በብስክሌት ሲሄድ ያዩ ሰዎች ከሦስት ነገር አንዱን ይላሉ። አንዱ «በርታ፥ ገና ጎልማሳ ነህ» ብሎ ያሞግሰዋል፤ ሁለተኛው «በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምን ሊሆን?» ብሎ ይስቃል፤ ሦስተኛው «ወድቆ እንዳይሰበር» ብሎ ይሰጋል። ሦስቱም የሚናገሩት በመንገድ ዳር ቆመው ነው። በኮርቻው ላይ የተቀመጠው ሰው ግን የራሱ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም፥ «ሰውነቴ እንደ ቀድሞው የማይታዘዘኝ ከሆነ መቀጠሌ ብርታት ነው ወይስ ትዕቢት? መተዌስ ማስተዋል ነው ወይስ ፍርሀት?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በእኔ ላይ በመድረሱ ዛሬ ከአንባቢዎች ጋር ልመረምረው እወዳለሁ። ብስክሌት ነድተው የማያውቁም ቢሆኑ፥ ዕድሜ ለሁሉ የሚመጣ ነውና፥ ነገሩ የማይመለከተው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ያደግሁት ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳር በምትገኘው በባሕር ዳር ከተማ ነው። ምድሯ ሜዳ፥ ዋና ዋና መንገዶቿም ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው ስለ ሆኑ፥ ከቀድሞ ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ተብላ ታወቀች። በልጅነታችን ጥቂት ሳንቲም አጠራቅመን ብስክሌት በሰዓት እየተከራየን እንማር ነበር፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ይሮጥለታል። ዛሬ መንገዱን የሞላው ባጃጅ ነው። ይሁን እንጂ ብስክሌት ፈጽሞ አልጠፋም፤ እኔም 71 ዓመት ከሞላኝ በኋላ እንኳ ወደ ገበያም፥ ወደ ለቅሶም፥ ወደ ዕድርም የምሄደው በብስክሌቴ ነበር።

ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር ከገበያ ስመለስ ከኋላዬ የባጃጅ ጥሩምባ ሰማሁ። ለማየት አንገቴን ወደ ግራ ባዞርሁ ጊዜ የፊተኛው ጎማ አንገቴን ተከትሎ ወደ ግራ ሄደ። ደንግጬ መሪውን ወደ ቀኝ ብመልሰው ደግሞ ከልክ አለፈ፤ በመንገዱ ጠርዝ ትሄድ የነበረችውን አንዲት ተማሪ ገፍቼ፥ እኔም ከእርስዋ ጋር ወደቅሁ። የልጅቱ ክንድ ተላጠ፤ ደብተሮችዋም ዝናብ ባቈረው ውሃ ውስጥ ገቡ። ባለ ባጃጁ ፍሬኑን ይዞ በቦታው ቆሞ ነበር፤ ከመሥመሩ አልወጣም፥ እኔንም አልነካኝም።

ሰዎች ወዲያው ተሰበሰቡ፤ «ሽማግሌ ሰው አታይም እንዴ? አንተ ባለጌ!» እያሉ ባለ ባጃጁን ያዋርዱት ጀመር። ልጅቱም ከውሃው ደብተሮችዋን እየለቀመች፥ «ይቅርታ አባባ፥ ተረፉ?» አለችኝ። አጥፊው እኔ ስሆን ይቅርታ የጠየቀችው እርስዋ ሆነች፤ የተሰደበውም ያልበደለው ሰው ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው ለሽበቴ ክብር ሲባል ነው። እኔም እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልሁ። የተላጠው ጕልበቴ በሳምንት ዳነ፤ ዝምታዬ ግን ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ልመረምር ተነሣሁ። ሚዛን ምንድር ነው? ብዙዎቻችን ሚዛን መጠበቅ ማለት አለመነቃነቅ ይመስለናል። ዳሩ ግን ሰው ቆሞ ሳለ እንኳ ፈጽሞ አይረጋም፤ እግሮቹን አጋጥሞ ዐይኑን ጨፍኖ የቆመ ሰው፥ ሰውነቱ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ያስተውለዋል። የሚያቆመን፥ መወዛወዛችንን ቶሎ እያወቅን ቶሎ ማረማችን ነው። ለዚህም ሥራ ሦስት ምስክሮች አሉን። አንደኛው በጆሮ ውስጠኛ ክፍል ይገኛል፤ በዚያ ያሉት ሦስት የተጠማዘዙ ቀጫጭን ቱቦዎች በያዙት ፈሳሽ አማካይነት የራስን መዞር ያስታውቃሉ፤ በአጠገባቸው ያሉት ሁለት ትንንሽ ከረጢቶችም የራስን ማዘንበልና የጕዞን መፍጠንና መዘግየት ይለያሉ። ሁለተኛው ምስክር ዐይን ነው። ሦስተኛው ከእግር ጫማ፥ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ነው። አንጎል የሦስቱን ቃል ሰምቶ ይፈርዳል፤ ፍርዱንም ወደ ጡንቻዎች ይልካል፤ ይህም ሁሉ ከቅጽበት በሚያንስ ጊዜ ይፈጸማል።

ዕድሜ በገፋ ጊዜ ሦስቱም ምስክሮች ይደክማሉ። በጆሮ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚሰሙት ጥቃቅን ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ ዐይን በምሽት ጕድጓዱን ከጥላው መለየት ይሳነዋል፤ የእግር ጫማ ስሜትም ይደነዝዛል። ፍርዱን የሚቀበሉት ጡንቻዎችም ይሳሳሉ፤ መልሳቸውም ይዘገያል። አንገት ደግሞ ስለሚደርቅ ሽማግሌ ሰው ወደ ኋላ ለማየት ራሱን ብቻ ማዞር አይሆንለትም፤ ትከሻውን ጭምር ያዞራል፤ ትከሻውም መሪውን ይስበዋል። በእኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው። እንግዲህ መውደቄ ድንገተኛ አልነበረም፤ ከብዙ ዓመት ጀምሮ በቀስታ ሲመጣ የነበረ ነገር ነው፤ እኔ ግን አላውቅም ብዬ ነበር።

አሁን ደግሞ ብስክሌቱ ራሱ እንዴት እንደሚቆም እንመልከት። ሁለት ጎማ ያለው ነገር ቆሞ ሲተዉት ይወድቃል፤ ሲሄድ ግን ይቆማል። ምክንያቱ የጎማው መሽከርከር ብቻ ነው ብለው ብዙዎች ያምኑ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የሆላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የጎማው መሽከርከር ሊረዳው እንዳይችል አድርገው አንድ ብስክሌት ሠሩ፤ እርሱም ነጂ ሳይኖርበት ሲገፉት ሚዛኑን ጠብቆ ሄደ። ብስክሌትን በሚያቆመው ሥራ ውስጥ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ወደ ቀኝ ባጋደለ ጊዜ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፥ ጎማዎቹም ተመልሰው ከክብደቱ ሥር ይገባሉ፤ ወደ ግራም ባጋደለ ጊዜ እንዲሁ ነው። ነጂውም ሳያስበው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጀማሪ ልጅ ግን ወደ ቀኝ ሲያጋድል ፈርቶ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዘዋል፤ ስለዚህ ይወድቃል። መማር ማለት፥ መሪውን ወደሚያጋድልበት ወገን ማዞርን ሰውነቱ እስኪለምድ ድረስ መድከም ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ስለ ጎማ ብቻ የተነገረ ሆኖ አልታየኝም። ሰው ማጋደሉ አያስነውረውም፤ ቆሞ የማያጋድል ማንም የለምና። የሚጥለው ካጋደለበት ወገን ፊቱን ሲያዞር ነው። እኔ አንገቴ መድረቁን፥ ዐይኔም በምሽት መድከሙን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ወደዚያ ማየት ስላልወደድሁ «ደኅና ነኝ» እያልሁ ወደ ሌላው ወገን እጠመዝዝ ነበር። ከወደቅሁም በኋላ ሰዎች ባለ ባጃጁን ሲሰድቡ ዝም ማለቴ ያው ራሱ ነው። ድካሜን ብናገር ብስክሌቴን የሚወስዱብኝ መስሎኝ፥ ጥፋቴን በሌላ ሰው ላይ ተውሁት። ድካሙን የሚሸሽግ ሰው የድካሙን ዋጋ ሌላ ሰው እንዲከፍልለት ያደርጋል። የትዕቢት ክፋቱ በዚህ ይገለጣል።

«እንግዲያውስ መተው ይሻል ነበር» የሚል ይኖራል። ይህም በችኮላ የሚፈረድ ፍርድ አይደለም። ሩስያዊው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ ብስክሌት የተማረው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዕድሜው ከ66 ዓመት በላይ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የመጨረሻ ልጁ፥ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሕፃን፥ ሞቶበት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽማግሌው በሞስኮ የፈረስ መለማመጃ አዳራሽ ውስጥ ብስክሌት መማር ጀመረ። ከወዳጆቹ አንዱ፥ የትምህርቱም ተከታይ የነበረው፥ ለእንዲህ ያለ ሰው ይህ አይገባም ብሎ አዘነበት። ቶልስቶይ ግን በማስታወሻ ደብተሩ እንደ ጻፈው ኅሊናው አልወቀሰውም፤ ሰዎች ምን እንደሚሉ ግድ እንደማይሰጠውና ነገሩ ኀጢአት የሌለበት የልጅ ደስታ እንደ ሆነ ገልጿል። በመንገድ ዳር ቆመው ለሚስቁት መልሱ ይህ ይመስለኛል። «ለሽማግሌ ያምርበታል፥ አያምርበትም» የሚለው የሰው ወሬ የሚያስተው ሚዛን ነው፤ በሐዘን የተሰበረ ልብ በምን እንደሚጠገን የሰፈር ሰው ሁሉ አያውቅምና።

ደግሞም ሽምግልና ማለት መውረድ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ሮበር ማርሻን በ1911 ዓ.ም. ተወለደ። በ2012 ዓ.ም.፥ ዕድሜው 100 ዓመት ሳለ፥ በአንድ ሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከ251 ሜትር ነዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ102 ዓመቱ፥ በአንድ ሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ከ927 ሜትር በመንዳት የቀድሞውን የራሱን ርቀት አሻሻለ። በዚያ መካከል ልምምዱ በተመራማሪዎች ምክር ተስተካክሎለት፥ አብዛኛውን ቀስ ብሎ፥ ጥቂቱን ግን በርትቶ ይነዳ ነበር፤ ሰውነቱ አየርን የመጠቀም ችሎታውም በ13 በመቶ ያህል አደገ። ሆኖም በ2017 ዓ.ም.፥ በ105 ዓመቱ፥ የነዳው 22 ኪሎ ሜትር ከ547 ሜትር ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያም ውድድሩን ተወ። በ2021 ዓ.ም. በ109 ዓመቱ ዐረፈ። በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ፤ በልክ የሚደክም ሽማግሌ ኀይሉ ሊታደስ ይችላል፤ ቢታደስም እንኳ ለመተው ጊዜ አለው። ሦስተኛም ነገር አለ፤ እርሱ እነዚህን ርቀቶች የነዳው በተዘጋ መወዳደሪያ ሜዳ ውስጥ ነው። በዚያ ደብተር ይዛ በመንገድ ጠርዝ የምትሄድ ልጅ የለችም።

የጥያቄው ዋና ነገር በዚህ ላይ ያርፋል። ሰው በራሱ አጥንት ላይ የሚቀበለው አደጋ አለ፤ በሌላው ሰው አጥንት ላይ የሚያመጣውም አደጋ አለ። የመጀመሪያውን ራሱ ሊወስን ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ማን ፈቀደለት? «ብወድቅም እኔው ነኝ የምወድቀው» የሚለውም ቃል ሲመረመር ሙሉ እውነት ሆኖ አይገኝም። የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ ሽማግሌ ለብቻው አይተኛም፤ ልጁ ሥራዋን ትታ ታስታምመዋለች፤ ሚስቱ ሌሊቱን ተቀምጣ ታድራለች። በሌላው ወገን ደግሞ፥ ከመውደቅ ፈርቶ በቤት የተቀመጠ ሽማግሌ እግሩ ከቀን ወደ ቀን ይሳሳል፤ ዕድሩን ይተዋል፥ ወዳጆቹን አይጠይቅም፤ በመጨረሻም ከአልጋው ወደ በሩ ሲሄድ ይወድቃል። ያም ሸክም ለዚያው ቤተ ሰብ ነው። እንግዲህ መቀጠልም ሆነ መተው በራሱ ጽድቅ አይደለም። የሚፈለገው ሁለቱን በእውነት መመዘን ነው፤ ለመመዘን ደግሞ አስቀድሞ ድካምን ማየት ያስፈልጋል።

እኔም ያደረግሁትን በአጭሩ ልናገር፤ ምናልባት ለአንዳንዱ ይጠቅም ይሆናል። በመጀመሪያ በሰፈራችን ብስክሌት ወደሚጠግነው ወጣት ሄጄ የሆነውን ነገርሁት። እርሱም «ጋሼ፥ እግርዎ መሬት እንዲነካ ኮርቻውን ዝቅ ላድርግልዎ፤ ይህን ወፍራም ብረት እየተሻገሩ መውጣትም ይቅርብዎ» ብሎ፥ መካከለኛው ብረት ዝቅ ያለ ብስክሌት በብስክሌቴ ለወጠልኝ። ሽማግሌን ከሚጥሉት ጊዜያት ብዙዎቹ ሲወጣ፥ ሲወርድና በጣም ቀስ ሲል ናቸውና፥ ይህ ታላቅ እርዳታ ሆነኝ። በመሪውም ላይ መስተዋት አደረገልኝ። መስተዋቱ ባይበቃኝ ዳር ይዤ እቆማለሁ፥ እግሬንም መሬት አስረግጬ ወደ ኋላ አያለሁ እንጂ፥ እየነዳሁ አንገቴን አላዞርም። ከመሸ በኋላና በዝናብ ጊዜ አልነዳም። ዐይኔንም አስመረመርሁ፤ የምወስዳቸው መድኀኒቶች ራስ የሚያዞሩ መሆን አለመሆናቸውን ሐኪም ጠየቅሁ።

ከዚህም ጋር ሰውነቴን አስተምራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ሚዛንንና ጕልበትን የሚያጸና ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲያደርጉ ይመክራል። የእኔ ልምምድ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠዋት ከጠረጴዛው አጠገብ ሆኜ፥ ጣቴን ብቻ አስደግፌ፥ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፤ ቀጥሎም በሌላው። ከወንበር ላይ እጄን ሳላስደግፍ ዐሥር ጊዜ እነሣለሁ፥ እቀመጣለሁ። ተረከዜን ከጣቴ እያጋጠምሁ በግድግዳው ሥር እሄዳለሁ። መጀመሪያ በአንድ እግሬ አራት ሰከንድ እንኳ አልቆምም ነበር፤ ይህን ባወቅሁ ጊዜ አፈርሁ። በ2022 ዓ.ም. በብራዚል ስለ 1702 ሰዎች የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከ51 እስከ 75 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ እግር ዐሥር ሰከንድ መቆም አልቻለም፤ ያልቻሉትም በተከታዮቹ ዓመታት ከቻሉት ይልቅ ለሞት የቀረቡ ሆነው ተገኙ። ይህ ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ምልክት የሚሰጠውም እንዲታይ ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ከአምስት ወር በኋላ ዐሥር ሰከንድ ደረስሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ወደ ባጃጆቹ መቆሚያ መሄድ ነበር። ሰውየውን ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለስሁ። ባገኘሁት ጊዜ በጓደኞቹ ፊት፥ «ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነበርሁ፤ አንተ በመሥመርህ ነበርህ፤ ሲሰድቡህም እያወቅሁ ዝም አልሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «አባባ፥ ነገሩን ትቼው ነበር ብልዎ ውሸት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌ በብስክሌት ባየሁ ቍጥር ቆሜ አሳልፋለሁ፤ ብነካው ማን ያምነኛል?» አለኝ። ይቅርታውን ሰጠኝ፤ ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ በልቤ አለ። የእኔ ዝምታ የዚህን ሰው እምነት ምን ያህል እንደ ጎዳው ያን ቀን ዐወቅሁ። የልጅቱንም ቤት ጠይቄ ሄድሁ፤ አዲስ ደብተሮች ይዤላት ነበር። ለእናትዋም እውነቱን ነገርኋት። እናቲቱ «ልጆቻችን ሽማግሌ እንዲያከብሩ እናስተምራለን» አለችኝ። እኔም «ማክበርን ታውቃለች፤ እውነቱን እንድትናገር ደግሞ አስተምሪያት፤ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልኋት።

ስለዚህ ለወጣቶች አንድ ቃል አለኝ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ አንድ ጊዜ የወደቀውን ሽማግሌ «ከእንግዲህ ቤት ተቀመጥ» ብሎ ወዲያው መፍረድ ምሳር ማብዛት ነው። በሌላ በኩል፥ ስለ ሽበቱ ብላችሁ ጥፋቱን በሌላው ላይ ብትጭኑለት ያከበራችሁት ይመስላችኋል እንጂ አላከበራችሁትም፤ እንደማይታረም ሰው ቈጥራችሁታል። ከሁሉ የሚሻለው ብስክሌት ጠጋኙ ያደረገው ነው። አልሣቀብኝም፥ አላሞገሰኝምም፤ ድካሜን ሰምቶ በዚያው ልክ ኮርቻውን ዝቅ አደረገልኝ።

ለእኩዮቼም ይህን እላለሁ። የመተው ቀን ለእያንዳንዳችን ይመጣል፤ ያን ቀን ለይቶ ማወቅ ግን ለራስ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የራስን ድካም ለመሸሸግ ልብ ብልኅ ነውና። ከጥንት ጀምሮ ብስክሌት የሚማር ልጅ ከኋላው ኮርቻውን የሚይዝለት ሰው ነበረው፤ የሚተወውም ሽማግሌ እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ሴት ልጄንና ያን ወጣት መርጫለሁ። «በአንድ ጊዜ ኮርቻው ላይ መውጣት አቅቶኝ ካያችሁኝ፥ ወይም ቀጥ ብዬ መሄድ ካቃተኝ ንገሩኝ፤ እኔም አልከራከርም» ብያቸዋለሁ። ልጄ ወዲያው እሺ አለች። ወጣቱ ግን ጥቂት አቅማማና፥ «ጋሼ፥ እንዲህ ያለውን ነገር ለእርስዎ መናገር ይከብደኛል» አለኝ። «እንዲከብድህ ነው የመረጥሁህ» አልሁት። በመጨረሻም ቃሉን ሰጠኝ። አንባቢ ሆይ፥ አንተም እንዲህ የሚነግርህ ሰው እንዳለህ ዛሬ ጠይቅ፤ ከሌለህም ሳትወድቅ ፈልገው።